ለሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍታ የቀረበ ውዳሴ

መኪና ልንገዛ ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠይቀውን ነገር አስቀድሞ የገመተ መሐንዲስ ካለ፣ መስቀል አደባባይ ላይ ሐውልት ይቁምለት። ፍሬኑ እንዴት ነው አንልም። ኤርባጉ ስንት ነው የሚል ከተገኘ ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ ዘመድ ነው። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ይገኛል ወይ የሚለው ትልቁ ጥያቄ እንኳ ተራውን ጠብቆ ነው የሚነሳው። ሁሉን የሚቀድመው «ከፍ ይላል ወይ?» ነው። ከፍ ካለ ሌላው በስምምነት ያልቃል።

ይህን ጥበብ እያዩ የሚያሽሟጥጡ አሉ። «እሷ እኮ ቪትዝ ናት፤ ታኮ ተጫምታ ነው» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የከተማችንን ሕግ አያውቁም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚመዘነው በር ላይ ነው፦ የሆቴል በር፣ የመሥሪያ ቤት በር፣ የሰርግ አዳራሽ በር። ዝቅ ያለች መኪና ስትደርስ ጥበቃው መስታወት ያስወርዳል፣ የኋላ ኮፈን ያስከፍታል፣ «ማን ጋ ነው?» ይላል፣ መልሱን ሰምቶም ትንሽ ያስባል። ቪ8 ሲመጣ ግን በሩ ራሱ ይደነግጣል። ጥበቃው ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ አላየም፤ መስታወቱ ጥቁር ነው። ያየው ቁመት ነው፤ ለቁመት ሰላምታ ሰጠ። እንግዲህ የቪ8 ኪስ የሌለው፣ የቪ8 ሰላምታ ግን የሚያምረው ምስኪን ዜጋ ምን ይሁን? ጃፓኖች፣ ሕንዶችና ቻይናዎች አዝነውለት ትንሿን ከፍ ያለች መኪና ሠርተው ላኩለት። ከዚህ በላይ የልማት ትብብር አላውቅም።

የዚህችን መኪና ገድል በሱዙኪ ቪታራ በኩል ልተርክላችሁ። ሌሎቹ አብዛኞቹ ከተማ ተወልደው ከተማ ያደጉ ናቸው። ቪታራ ግን ገጠሬ ነበር። ተምሮ፣ ሠልጥኖ፣ ጭቃ ተጸይፎ ከተሜ የሆነው በዓይናችን ፊት ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ፤ «ዓ.ም» ካልኩ ግን የእኛው ነው።)

ሱዙኪ በ1988 ጃፓን ውስጥ ኤስኩዶ ብሎ አወጣው፤ በሌላው ዓለም ቪታራ ተባለ። ሦስት በር፣ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ከሥሩ እንደ ጭነት መኪና የብረት ሻንሲ፣ አካሉ የሚቀመጥበት አጽም። ከማርሹ አጠገብ ሌላ ትንሽ ዘንግ ነበረችው፤ ስትጎተት አራቱም ጎማ ይሠራል፣ ዳገቱ ከጠናም ወደ ከባዱ ማርሽ ይወርዳል። ወንበሩ የጀርባ አጥንት ይቆጥራል። ካናዳ ኢንገርሶል ከጄኔራል ሞተርስ ጋር በሽርክና ተሠርቶ ለአሜሪካኖች ሳይድኪክ እና ጂኦ ትራከር በሚል ስም ተሸጠ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ባለ አምስት በሩ መጣ። እዚህ እኛ አገርም እነዚያ አጭር ባለ ሦስት በሮች ስንት አባጣ ጎርባጣ መንገድ እንደበሉ የሚያውቅ ያውቃል፤ ዛሬም አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ፣ ጡረታ የሚያወጣቸው ጠፍቶ።

በዚያ ዘመን የቁመት ጠላቶች ሥራ ላይ ነበሩ። ቪታራ በተወለደበት በ1988 ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የሱዙኪን ሌላዋን ትንሽ ጂፕ፣ ሳሙራይን፣ ስትታጠፍ በቀላሉ ትገለበጣለች ብሎ አወገዛት። ሱዙኪ ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩ በስምምነት የተዘጋው በ2004 ነው። ክብደቱ ወደ ላይ የወጣ ነገር ሲታጠፍ ይወዛወዛል የሚለው የፊዚክስ ወሬ ያኔም ነበረ፣ ዛሬም አለ። እኛ ግን ፊዚክስን የምናውቀው በማትሪክ ነው፤ ከማትሪክ በኋላ አንገናኝም።

በ1994 ቶዮታ ራቭ ፎርን ይዞ ብቅ አለ። ነገሩ ሁሉ የተለወጠው ያኔ ነው። ቶዮታ ሻንሲውን አውጥቶ ጣለው፤ እንደ ቤት መኪና አካሉ ራሱን በራሱ የሚሸከም አደረገው፣ ብዙውን ዕቃ ከተራ የቤት መኪኖቹ ወሰደ፣ ከላይ የጂፕ ቅርጽ ሰጠው። ከውጭ ለሚያየው ጂፕ፣ ውስጥ ለተቀመጠው ኮሮላ። ገዢው አንድም ነገር እንደጎደለበት አልታወቀውም። ከዚያ ወዲህ ሠሪዎቹ ሁሉ አንድ ነገር ገባቸው፤ ሰው ከተራራ መኪና የሚፈልገው ተራራውን አይደለም። ስለዚህ ከተራራ ጋር የተያያዘውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ እየፈቱ ማውጣት ጀመሩ። ሥራው ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ፤ አቤት የሚል ገዢም አልተሰማም።

ቪታራ ግን ገጠሬ ነውና ወዲያው እሺ አላለም። በ1998 ግራንድ ቪታራ ሆኖ ሲመጣ ሻንሲው አብሮት ነበር። በ2005 ሽማግሌ ገባና ሻንሲው ከአካሉ ጋር ተበየደ፤ አልተጣለም፣ ግን ለብቻውም አልቆመም። ከባዱ ማርሽም ተረፈ፤ ዘንግ መሆኑ ቀርቶ ዳሽቦርድ ላይ የሚዞር ቁልፍ ሆነ። እኔ ከዚህ ዘር ሁሉ የማከብረው ይህንን ነው፤ ስሙንም ሥራውንም የያዘ የመጨረሻው ቪታራ እሱ ይመስለኛል። ያቺን ቁልፍ አዙሯት የሚያውቅ ባለቤት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ምናልባት የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ መስሎት የነካት ይኖራል።

በ2014 ፓሪስ ላይ የታየው፣ በቀጣዩ ዓመት ሃንጋሪ ኤስተርጎም ከሚገኘው ፋብሪካ መውጣት የጀመረው ቪታራ ግን ገጠሬነቱን ጨርሶ ካደ። ሻንሲ የለም። ሞተሩ በአግድም ተኝቶ የፊት ጎማዎችን ይነዳል። አራቱም ጎማ እንዲሠራ የፈለገ ተጨማሪ ከፍሎ ኦልግሪፕ የሚባለውን ያስገባል፤ ያልከፈለም ሰው አያውቅበትም። ያ ሁሉ ብረት ሲወጣለት ቀላሉ ዓይነት 1,075 ኪሎ ብቻ መዘነ። ለጣሪያው ሌላ ቀለም መምረጥ ተቻለ። ጃፓኖች እንኳ የራሳቸውን ኤስኩዶ ከሃንጋሪ በመርከብ እያስመጡ ነዱ። ገጠሬው አውሮፓ ደርሶ፣ ባለ ሁለት ቀለም ባርኔጣ ደፍቶ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ዋና ነጥብ ልግባ። የዚህ ከተሜ ቪታራ ሆድ ከመሬት 185 ሚሊ ሜትር ይርቃል። የዚያው ኩባንያ ትሑት ልጅ፣ ሌሊትና ቀን ሰው ስታመላልስ የምትውለው ሱዙኪ ዲዛየር በበኩሏ 163 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ከምናምን፤ የአውራ ጣት ወርድ። የጣሪያቸው ቁመት ሲለካ ደግሞ ቪታራ 1,610፣ ዲዛየር 1,515 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ 95 ደረሰ። ይህን ሂሳብ ቀስ ብላችሁ አስተውሉት። ድንጋይ ባለበት በሥሩ በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨመሩ፤ ድንጋይ በሌለበት በአናቱ በኩል ግን ከሰባት ሴንቲ ሜትር በላይ። ቁመቱን ለመንገዱ ቢሰጡት መንገድ አያይም፣ አያመሰግንም። ለጎረቤት ዓይን ሰጡት። ደንበኛውን እንዲህ የሚያውቅ ነጋዴ ይባረክ!

በእነዚህ ሁለት ሴንቲ ሜትሮች ምን እንደሚደረግ ለማየት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አጠገብ ቆሞ ማየት ነው። ባለ ከፍታው ሲመጣ ከሩቅ ፍሬን ይይዛል። ይቆማል ማለት ይቻላል። ከዚያ መሪውን ጠምዝዞ በአግድም፣ አንድ ጎማ፣ ቀጥሎ አንድ ጎማ፣ ቀጥሎ ሦስተኛዋን፣ በመጨረሻ አራተኛዋን ያሳልፋል፤ ከኋላው ያለው ሰልፍ ጥሩንባ እስኪጨርስ። በዚያ መሃል ሠላሳ ዓመት አልፎት የተበየደ፣ ስድስት ሰውና ሁለት ዶሮ የጫነ ዲኤክስ ጉብታውን ሳያይ ዘሎት ይሄዳል። ዲኤክስ ይህን የሚያደርገው ክብር ስለሌለው ነው። ክብር ያለው መኪና ይሳሳል። ኮብልስቶን ሲያይ ይሳሳል፣ ክረምት ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ሲያይ ዞሮ በሌላኛው መስመር በሰው ፊት ይመጣል። አራት ጎማ ጭቃ ውስጥ ማስገባት እንኳን ለመኪናው፣ ለሰውየውም አይመጥንም።

ያ ከፍታ ሥራ የሚሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ የእግረኛ መንገድ። እዚህ ላይ የሚያሽሟጥጡትን ወስጄ ባሳየኋቸው። ያ ጉብታ ላይ ይሳሳ የነበረ መኪና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲያይ ትዝታው ይቀሰቀሳል፤ የአያቱ የሻንሲ ደም በሥሩ ይፈላል። ሳይፈራ፣ ሳያመነታ፣ በአንድ ነዳጅ ርግጫ ወጥቶ በኮሪደር ልማት የተነጠፈውን አዲሱን ንጣፍ ይረግጣል፤ ከሱቁ በርና ከመብራት ምሰሶው መሃል ይተኛል። እግረኞች በአስፋልቱ ይሄዳሉ። ትክክል ነው፤ እነሱ ዝቅ ያሉ ናቸው። ከፍታው ለትራፊክ ፖሊሱም አልሰሰተም፦ ታርጋ ሊፈታ ሲመጣ ብዙ ማጎንበስ የለበትም። ወገቡን ያመመው የሕግ አስከባሪ ሁሉ ለዚህ መኪና ዕድሜ ይለምናል።

ትችት የሚወዱ ደግሞ ቅርጹን የወሰነው መሐንዲስ ሳይሆን ቀረጥ ሰብሳቢ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ግን ይህም ያስመሰግናል እንጂ አያስወቅስም። ሕንድን እንውሰድ። እዚያ ርዝመቱ ከአራት ሜትር ያነሰ፣ ቤንዚን ከሆነ እስከ 1,200፣ ናፍጣ ከሆነ እስከ 1,500 ሲሲ (ሺው ሲሲ አንድ ሊትር ነው) የሆነ መኪና ግብሩ ይቀንሳል። እናም የሱዙኪ የሕንድ ክንፍ የሆነው ማሩቲ ሱዙኪ በ2016 ቪታራ ብሬዛን ሲያወጣ ርዝመቱ 3,995 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። አምስት ሚሊ ሜትር ለጨዋነት ተረፈች። ሞተሩ 1.3 ሊትር ናፍጣ፣ የሚነዱት የፊት ሁለቱ ጎማዎች ብቻ፣ በላዩ ላይ የቪታራ ስም። በ2020 ናፍጣው ወጥቶ 1.5 ሊትር ቤንዚን ሲገባ ያቺ የግብር ቅናሽ ቀረች፤ ርዝመቱ ግን ለለመደ ዓይን ሲባል እዚያው ቀረ።

ስሙም ቢሆን ሥራ አልፈታም። በ2022 ሕንድ ውስጥ ግራንድ ቪታራ የሚል መኪና እንደገና ወጣ፤ የሚገጣጠመው በቶዮታ ፋብሪካ ነው፣ ወንድሙም በቶዮታ ምልክት ይሸጣል። ሱዙኪ የፈለገ ሱዙኪ፣ ቶዮታ የፈለገ ቶዮታ፤ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ገዢዎች ግን የሌላውን ምርጫ ይንቃሉ።

የእኛስ? በ1995 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ እስከ 1,300 ሲሲ ያለውን መኪና 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ያለውን 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለውን 100 በመቶ ያስከፍል ነበር። የቪታራ 1.6 ሊትር ሞተር የት እንደሚወድቅ ለመገመት ሂሳብ መማር አያስፈልግም። እናም ዳይሃትሱ ቴሪዮስ 1.3 ሊትር ሞተሩን ይዞ፣ ከመስመሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ። አዲስ አበባ ቴሪዮስን የወደደችው ለዓይኑ ብቻ አይመስለኝም። ከላይ ጂፕ፣ በጉምሩክ ወረቀት ላይ ቪትዝ፤ ከፍ ብሎ መታየት፣ ዝቅ ብሎ መክፈል። ይህን ያህል የጠለቀ የግብር ፖሊሲ ግንዛቤ ያለው ሕዝብ ስለ ግብር ሥልጠና አያስፈልገውም።

ስለ ጌጡም ትንሽ። ፎርድ በ2003 ብራዚል ውስጥ ኢኮስፖርትን የሠራው ከፊየስታ፣ ከተራዋ ትንሽ መኪና፣ ቆርሶ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከኋላ በሩ ላይ የሰቀላት ስኮርታ ናት። ጎማ ከኋላ ሲሰቀል መኪና በረሃ ለበረሃ የሚዞር ይመስላል፤ ስኮርታዋ ራሷ ግን የምታውቀው የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ሊሆን ይችላል። እኛም ከዚህ ጥበብ አልራቅንም። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ እናስገጥማለን፤ ከሠርግ ቀን አበባ በቀር ሸክም አላየም። በፓራፋንጎው ዙሪያ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ድንጋይ እንዳይጭረው ተብሎ የተሠራ ነው፤ እኛ ላቫጆ ወስደን ቅባት እናስቀባዋለን። ጭቃ ቢኖር እንኳ የሚገናኙት ላቫጆ ነው፤ ከሌላ መኪና ሥር የታጠበ ጭቃ። የወንበሩን ላስቲክ አናነሳም፤ ከተነሳ አዲስነቱ ያልቃል፣ ተሳፋሪ ግን በላስቲኩ ላይ እያላበው ይንሸራተት፣ የእሱ አዲስነት ቀድሞ አልቋል።

ከሁሉ የማደንቀው የጎን መርገጫውን ነው። መኪናው ከፍ ስላለ ለመውጣት ያስቸግራል ተብሎ ከበሩ ሥር የብረት መርገጫ ይገጠምለታል። መርገጫው ከመኪናው ሆድ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከፍ ያለ መኪና ገዝተን፣ ከፍ ስላለ ዝቅ አድርገነው፣ ለሁለቱም ከፍለናል። ገጣሚው ልጅ ይህን ሲሠራ ፊቱ ላይ አንዳች አይነበብም፤ የትምህርቱ ደረጃ ከብዙዎቻችን በላይ ነው።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ እዋሻለሁ፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶች ከፍ ያለ ወንበር ጥሩ ነው። ወደ ታች ተቀምጦ ወደ ላይ ከመነሣት በጎን ገብቶ በጎን መውጣት ይሻላል። ይህን ምክንያት ሻጮች ሲያነሱት ሰምቼ አላውቅም። እናት ለማሳፈር መኪና ገዛሁ የሚል ደንበኛ የለማ።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ተለወጠ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ከተማው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ሞልቶታል። ብዙው ከፍ ያለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ያ ከፍታ ሥራ አገኘ፤ ባትሪው ወለሉ ሥር ይነጠፋል፣ ባትሪ ውፍረት አለው፣ ዝቅ ባለች መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ከአገጩ ይገናኛል። ቁመት ስጡን ስንል የኖርነው ለካ ለባትሪ ቦታ ስናዘጋጅ ነው። ትንቢተኞች ነበርን፣ ሳናውቀው።

ቪታራም አልቀረም። በ2024 መጨረሻ ሚላን ላይ ኢ-ቪታራ ተብሎ ታየ፤ በቀጣዩ ዓመት ሕንድ ጉጅራት ውስጥ መሠራት ጀመረ። ባትሪው 49 ወይም 61 ኪሎ ዋት ሰዓት። ጉዱ ደግሞ ገጠሬው ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ፣ አንድ ሞተር ፊት፣ አንድ ሞተር ኋላ ያለው፣ አራቱንም ጎማ የሚነዳ ዓይነት አብሮ ቀረበ። ሃያ ዓመት ሙሉ እየተፈታ የወጣው ሥራ በኤሌክትሪክ ተመልሶ ገባ። የሱዙኪ ሰዎች ሰው ይደሰታል ብለው ይሆናል። ወደ እኛ የመጣ ዕለት በሽያጭ ክፍሉ የሚሆነውን ግን ከአሁኑ እሰማዋለሁ።

«ጋሼ፣ ይኼኛው ባለ ሁለት ሞተር ነው፤ ዳገት ላይ፣ ጭቃ ላይ...»

«ሁለተኛው የት ነው ያለው?»

«ከኋላ ነው፣ ጋሼ፤ ከሥር።»

«ከውጭ ይታያል?»

«አይታይም።»

«እንግዲያው ባለ አንዱን አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ። በተረፈው ብር መርገጫ ግጠሙልኝ። ፎር ዊል የሚለውን ጽሑፍ ደግሞ በሁለቱም በኩል፤ ጥበቃው የሚቆመው በየትኛው ጎን እንደሆነ አይታወቅም።»